ትንሿ ጥቁር ክዳን

ጋሼ የጌም ኮምፒውተር ይኑራቸው ብላ መጀመሪያ ያሰበችው ልጃቸው ናት። ጋሼ ዕድሜያቸውን ሙሉ የረጅም መንገድ አውቶብስ ሲነዱ ኖረው፣ ጉልበታቸውን ቀዶ ጥገና ካደረጉ በኋላ ሐኪሙ ለጊዜው መሪ እንዳይጨብጡ ከልክሏቸው ነበር። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ይነሱና መስኮቱ ሥር ይቀመጣሉ። የሚያልፈውን መኪና ሁሉ እያዩ፣ «ማርሽ ቀይር እንጂ፣ ምን ታስጮኸዋለህ!» ይላሉ። ልጃቸው የፋርማሲ ሠራተኛ ናት። አንድ ደንበኛዋ መሪና ፔዳል ስላለው የመንዳት ጌም ካወራላት ወዲህ ነገሩ ከጭንቅላቷ አልወጣም።

ጥያቄው ተሠርቶ ያለቀ ይገዛ ወይስ ይገጣጠም የሚለው ነበር።

«ይገዛ» አለች እሷ። «ዋናው መንገድ ላይ ያለው ሱቅ መካከለኛ የሆነ አለው፣ ለአባዬ ይበቃዋል። ዋስትናም አለው። ቢበላሽ ተሸክሜ እወስድና ጠረጴዛቸው ላይ ዱብ አደርግላቸዋለሁ።»

የአጎቷ ልጅ አልተስማማም። እሱ ቅየሳ ተምሮ በውኃ ድርጅቱ የካርታ ክፍል ይሠራል። ስልክ አልከፍት ሲል፣ ቴሌቪዥን ሲያስቸግር ቤተሰቡ የሚጠራው እሱን ስለሆነ «ኢንጂነር» የሚል ስም ወጥቶለታል። ግማሹ ሙገሳ ነው፣ ግማሹ ፌዝ።

«ሱቆቹ በሚታየው ላይ ያሳምሩና በማይታየው ላይ ይቆጥባሉ» አለ። «ክፍሎቹን ለየብቻ ገዝተን እኔ ብገጣጥመው በዚያው ዋጋ የተሻለ ግራፊክስ ካርድ እናገኛለን። ጌም ማለት ደግሞ ሥዕሉን የሚሥለው ካርዱ ነው። ነገ አንዱ ክፍል ቢያረጅ እሱን ብቻ መቀየር ነው።»

«አንተ ገጣጥመህ ታውቃለህ?»

«ምን ችግር አለው? ስንቱን ቪዲዮ አይቻለሁ።»

«እኔም ቀዶ ጥገና በቪዲዮ አይቻለሁ። የአባዬን ጉልበት ግን አልነካሁም።»

ሁለቱም ያሉት ልክ ነበር፤ ለዚህም ነው ክርክሩ ያላለቀው። የቋጩት ጋሼ ናቸው። «የወንድሜ ልጅ እያለ ባዕድ ምን ያደርግልኛል? እሱ ይሥራው» አሉ። «ደግሞ ሲገጠም ማየት እፈልጋለሁ። ተፈትቶ የተበተነ ሞተር ተገጥሞ ሲነሳ ከማየት የሚበልጥ ምን አለ?»

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት የምግብ ጠረጴዛው ላይ ንጹሕ አንሶላ ተነጥፎ ክፍሎቹ ተደረደሩ። ፉጨትም መጣ። ፉጨት በጋሼ አውቶብስ ላይ ለብዙ ዘመን ረዳት የነበረ ሰው ነው፤ እሱ ካላፏጨ አውቶብሱ አይነሳም ይባል ነበር። አንድ ወንበር አዙሮ ተቀምጦ አገጩን መደገፊያው ላይ አሳርፎ ያያል።

«ኢንጂነር፣ ብሎን ተርፎሃል» ይላል።

«ትርፍ ሆኖ የመጣ ነው።»

«እኛም ጋራዥ የነበረው ሰውዬ እንደዚያ ይለን ነበር። ከዚያ ጎማው ቀድሞን ሄደ።»

ጋሼ ሳቃቸውን ለመያዝ አፋቸውን ሸፈኑ። እጃቸው ላይ ባትሪ ይዘው፣ ኢንጂነር ጎንበስ ወዳለበት ሁሉ ያበሩለታል። ሚሞሪው ቀጭ ብሎ ሲገባ «ይኸውና!» አሉ፣ ራሳቸው የገጠሙት ያህል። ትልቁ ካርድ ሲገባማ ማራገቢያዎቹን በጣታቸው አዙረው አዩ። ልጃቸው የማድ ቤቱን በር ተደግፋ፣ እጇን አጣምራ ትመለከት ነበር።

በመጨረሻ ኢንጂነር ክፍሎቹ ከተገጠሙበት ሣጥን፣ ከኬዙ፣ ጀርባ ተንበርክኮ የስክሪኑን ገመድ ሰካ። ገመዱን የሚቀበሉ አንድ ዓይነት ቀዳዳዎች ከላይም ከታችም ነበሩ። እጁ ቀድሞ ያገኘው የላይኛውን ነው። ማብሪያውን ሲጫን መብራቱ ቦግ አለ፣ ስክሪኑ ላይ ሥዕል መጣ፣ ሁሉም አጨበጨቡ። እሷም ሳትቀር። «እሺ፣ ተሸንፌአለሁ» አለችው።

ጋሼ ሸሚዛቸውን አስተካክለው ከመሪው ፊት ተቀመጡ። በስክሪኑ ላይ አውቶብስና ቁልቁል የሚወርድ መንገድ ታየ። ነዳጅ ረገጡ። መሪውን ወደ ግራ ሲያዞሩ አውቶብሱ ትንሽ አስቦ ነበር የሚዞረው። መንገዱ ቀጥ ብሎ ቆሞ ይቆይና እንደገና ዘሎ ይመጣል። ጋሼ አስተካክላለሁ ብለው ወደ ቀኝ መለሱ፤ አውቶብሱ የመጀመሪያውን ትእዛዝ ገና እየፈጸመ ነበር። አጥሩን ደርምሶ ገደል ገባ።

«ተሳፋሪ ይውረድ!» አለ ፉጨት። «ጋሼ፣ እኔ ከዚህ መኪና ላይ ሥራ ለቅቄአለሁ!»

ሳቁ። ጋሼም ሳቁ። ደገሙት፤ ደግመውም ገደል ገቡ። በሦስተኛው ሳቁ ቀጠነ።

ኢንጂነር አንድ ነገር ቅር ብሎት ነበር። እንዲህ ያለ ካርድ እንዲህ መንቀርፈፍ አልነበረበትም። መፍታትና ማየት ይችል ነበር። ቀና ሲል ግን የአጎቱ ልጅ እያየችው ነው፤ ያ አሁን የተናገረችው «ተሸንፌአለሁ» ገና ከክፍሉ አልወጣም። እናም እንዲህ አለ፦

«ማሽኑ ደህና ነው። ጋሼ፣ የእጅ ነገር ነው። ጌም ፈጣን እጅ ይፈልጋል። ሲለማመዱት ይለቃል።»

ጋሼ እጃቸውን ገልብጠው አዩት። «እውነትህን ነው» አሉ።

ከዚያ በኋላ ሳምንታት አለፉ። ኢንጂነር ብቅ ሲል ጋሼ ስለ ጌሙ አያነሱም፤ እሱም አይጠይቅም። አንድ ቀን ልጃቸው ቢሮው ድረስ ደወለችለት።

«አባዬ እምቢ አለ።»

«ምኑን?»

«ሐኪሙ ጉልበቱ ድኗል ብሎ ፈቀደለት። የአውቶብስ ድርጅቱ ደግሞ አዳዲስ ሾፌሮች አሠልጥንልን ብሎ ጠራው። ስንት ጊዜ ሲጠብቀው የነበረውን! አይሆንም አላቸው። ለምን ስለው፣ እጄ ዘግይቷል፣ በጌም እንኳ ሰው ገደል እየከተትኩ እንዴት የሰው ልጅ አምነው ይሰጡኛል አለኝ።»

«ምናልባት ደክሟቸው ይሆናል» አለ ኢንጂነር። ስልኩን ከዘጋ በኋላ ያ «ምናልባት» ጆሮው ውስጥ ቀረ።

በዚያው ሳምንት ለካርታ ክፍሉ ተሠርተው ያለቁ አዳዲስ ኮምፒውተሮች መጡ። ኢንጂነር የራሱን ሊተክል ገመዱን ይዞ ወደ ጀርባው ሲጎነበስ የላይኛው ቀዳዳ በትንሽ ጥቁር የፕላስቲክ ክዳን ተደፍኖ አገኘው። የታችኛው ክፍት ነው። ክዳኑን በጥፍሩ ነካ አደረገው። ሰው በስሕተት እንዳይሰካበት ፋብሪካው የደፈነው ነው። የላይኛው ከዋናው ሰሌዳ ስለሚወጣ ጽሑፍ ለመጻፍ የሚበቃ ደካማ ሥዕል ብቻ ነው የሚሰጠው። የትልቁ ካርድ መውጫ የታችኛው ነው።

እዚያው እንደተጎነበሰ ቀረ። ያ ሁሉ ክርክር የተደረገለት ካርድ በጋሼ ቤት ማራገቢያውን እያዞረ ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል። ከጎኑ የምትሠራው ሴት «ምን ጠፋብህ?» አለችው። ፊቱ ግሎ ስለነበር ቀና ሳይል «አገኘሁት» አላት።

ከሥራ ሲወጣ በቀጥታ ወደ ጋሼ ቤት ሄደ። መንገድ ላይ የሚናገረውን ሲያሰላ ነበር፤ በር ላይ ሲደርስ ሊናዘዝ ያሰበው ሁሉ ቀርቶ «ለጌሙ ማሻሻያ ወጥቶለታል» የሚል ብቻ ተረፈው። ጋሼ ብቻቸውን ነበሩ። መሪው ላይ እርጥብ ፎጣ ተሰጥቷል።

«ጋሼ፣ እስቲ ኮምፒውተሩን አንዴ ልየው።»

«እሱ ምን ሆነ? እሱ ደህና ነው፤ የተበላሸሁት እኔ ነኝ» አሉ እየሳቁ። ፎጣውን አነሱና ሻይ ሊያፈሉ ወደ ማድ ቤት ገቡ።

ኢንጂነር ተንበረከከ። ገመዱን ከላይ ነቅሎ ታች ሰካ። የጫማ ክር ማሰር ከዚህ የበለጠ ጊዜ ይፈጃል።

ጋሼ ሻዩን ይዘው ሲመለሱ፣ «ትንሽ ነካክቼዋለሁ፣ እስቲ ይንዱ» አላቸው። እምቢ እያሉ ተቀመጡ። ያው ቁልቁለት መጣ። ግራ አዞሩ፤ አውቶብሱ ከእጃቸው ጋር ዞረ። ቀኝ፤ ዞረ። ትከሻቸው ቀስ ብሎ ወረደ። ማርሽ ቀነሱ፣ ኩርባውን ሳይቸኩሉ ጨረሱ፣ ድልድዩን አለፉ፣ መናኸሪያው ገብተው በነጩ መስመር ላይ ልክክ አድርገው አቆሙ። ሞተሩን ካጠፉ በኋላም እጃቸውን ከመሪው ላይ አላነሡም።

«አየህ» አሉ በመጨረሻ፣ «ለመድኩት ማለት ነው።»

«ጎበዝ ነዎት፣ ጋሼ» አለ። ከአፉ እንደወጣ አፈረ። ቶሎ ብሎ፣ «ታዲያ አሁን ለድርጅቱ እሺ አይሏቸውም?» ሲል ጨመረ።

ጋሼ ራሳቸውን ነቀነቁ። «አይ። ልጅ በአንድ ቀን የሚይዘውን እኔ ይኸን ሁሉ ጊዜ ፈጅቶብኛል። ፍሬን የሚያዘው ሲፈለግ ነው፣ ከሁለት ወር በኋላ አይደለም። የመለስኩላቸው ልክ ነው።»

ሻዩ እየቀዘቀዘ ነበር። ኢንጂነር ብርጭቆውን አነሳ፣ ሳይጠጣ መልሶ አስቀመጠው።

«ጋሼ፣ አልለመዱትም።»

«እንዴት?»

«የሚለመድ ነገር አልነበረም። የስክሪኑን ገመድ ያለ ቦታው የሰካሁት እኔ ነኝ። ካርዱ እስከ ዛሬ አልሠራም። አሁን ሻይ ሲያፈሉ ነው የቀየርኩት።»

ጋሼ ወንበራቸውን ወደ እሱ አዞሩ። «ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ?»

«አዎ።»

«ያን ቀን የእጅ ነገር ነው ስትለኝ ታውቅ ነበር?»

«አላውቅም ነበር። ግን ቅር ብሎኝ ነበር። ማየት እየቻልኩ አላየሁም።»

«ለምን?»

«እሷ እያየችኝ ነበር። ይገዛ ያለችው እሷ ናት።»

ጋሼ ሲናገሩ ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ መንገድ ለጠፋበት ሰው እንደሚያስረዳ ሰው ነበሩ። «እንግዲህ ‹እኔ ከማፍር ጋሼ ይፈሩ› አልክ።»

ኢንጂነር እንደዚያ ብሎ አላሰበም ነበር፤ ሆኖም ሌላ የሚባልበት መንገድ ቢፈልግ አላገኘም።

«ቀዳዳዎቹን አሳየኝ» አሉ ጋሼ። ጉልበታቸውን ይዘው ጎንበስ አሉ። በራሳቸው እጅ ገመዱን ወደ ላይ መለሱትና ነዱ፤ አውቶብሱ እያሰበ ገደል ገባ። ወደ ታች አወረዱትና ነዱ፤ እጃቸውን ተከተለ። «እንዲህ ነው ለካ» አሉ። ከመሣቢያው ጥቁር ናስትሮ አውጥተው ሰጡት። «ያን የላይኛውን ድፈነው።»

ቆርጦ ለጠፈው። ከፋብሪካው ክዳን ጋር አይመሳሰልም፤ ጠርዙ ተንጋዶ ነበር።

«አሁን ለድርጅቱ ስምሪት ክፍል ትደውላለህ።»

«እኔ? ምን ብዬ?»

«እጄ ዘግይቷል ብያቸዋለሁ። አለመዘግየቱን ከኔ ሌላ የሚያውቅ አንተ ብቻ ነህ።»

ስልኩን ድምፁ እንዲሰማ አድርገው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። የስምሪት ኃላፊዋ አነሳች። ከኋላዋ ሞተር ይጮኻል፣ ሰዎች ይጠራራሉ። ኢንጂነር ጀመረ፤ ስለ ካርዱ፣ ስለ ገመዱ፣ ስለ ቀዳዳዎቹ።

«ምን ቀዳዳ?» አለች። «ቆይ፣ አንተ ማን ነህ?»

«የወንድማቸው ልጅ ነኝ። ኢንጂ...» ቃሉን ዋጠው። «ገመዱን የሰካሁት እኔ ነኝ። እሳቸው ጥፋት የለባቸውም።»

ወዲያ ማዶ አንድ ሰው ሳቀ። ኃላፊዋ ግን አልሳቀችም። «እኛ በጌም ሾፌር አንመዝንም፣ የኔ ወንድም። ጋሼም ይኸን ያውቁ ነበር። ሰኞ ጠዋት ጋራዥ ይምጡ፣ እጃቸውን አውቶብስ ላይ እናየዋለን። ጉልበታቸውስ?»

«ጉልበቴን ሐኪሙን ጠይቂው!» አሉ ጋሼ ከወዲህ።

ስልኩ እንደተዘጋ በሩ ተከፈተ። ልጃቸው ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ እንዳንጠለጠለች ገባች። የዞረውን ኬዝ፣ ናስትሮውን፣ ከዚያ የኢንጂነርን ፊት አየች።

«ደግሞ ምን አበላሸህ?» አለችው። ሁልጊዜ እንደምትቀልድበት ነበር።

ጋሼ የቀዘቀዘ ሻያቸውን አንሥተው ወደ መስኮቱ ዞሩ።

«ቁጭ በይ» አላት ኢንጂነር። «እነግርሻለሁ።»