ደህናው ጠርሙስ

ቧንቧ ሠራተኛው ስለ ወይን ጠጅ የሚያውቀው ነገር ቢኖር እንደሚያሰክር ብቻ ነው። ይህንንም ቢሆን አዘውትሮ ያረጋገጠ ሰው አይደለም። ግን ምን ያደርጋል፣ አፉ አርፎ አይቀመጥለትም። ከዓመታት በፊት አንድ ግብዣ ላይ የቀረበለትን ርካሽ ወይን ተጎንጭቶ፣ ፊቱን አጨማዶ፣ «ይሄ ወይን ክረምቱን የዛገ ቱቦ ውስጥ ነው ያሳለፈው» ቢል ሰዉ ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። ከሁሉም በላይ የሳቀችው ሚስቱ ነበረች። ሆዷን ይዛ፣ እንባዋን እየጠረገች፣ «በናትህ ሌላም ቅመስ!» አለችው። ከዚያ ቀን ወዲህ ከሱፐርማርኬት የታችኛው መደርደሪያ ላይ ማንም የማያነሳውን ጠርሙስ እየገዛ ማምጣት ልማዱ ሆነ። ሰው ሚስቱን ለማሳቅ ሲል የማያደርገው የለም፤ ይሄኛው ኮምጣጤ ጠጣ።

ነገሩን ወግ ያለው ጨዋታ ያደረገችው ደግሞ እሷ ናት። ከርካሾቹ ጠርሙሶች መሐል አንድ ደህና ወይን ትደብቃለች፤ ዓይኑን በወጥ ቤት ፎጣ ታስርና እያቀያየረች ትቀዳለታለች። የሚቀዳ ሰው አይናገርም፤ ድምፁ ምስጢር ያወጣልና። ቀማሹ በየብርጭቆው ያሻውን ይቀልዳል፤ ደህናውን ወይን ያገኘ ዕለት «ይሄ ነው ደህናው» ይላል፣ ፎጣው ይፈታል፣ ጨዋታው ያልቃል። ሕጉ ይኼው ነው።

ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ብርጭቆ አላነሳም። ሥራ ይሄዳል፣ የሰው ማጠቢያ ይፈታል፣ ይገጥማል፣ ይመለሳል። መድኃኒት ቤት የምትሠራው ልጁ ማታ ስትገባ መብራት ሳያበራ ተቀምጦ ታገኘዋለች።

«አባዬ፣ በላህ?»

«በላሁ።»

አልበላም። እሷም እንዳልበላ ታውቃለች። የሱሪው ወገብ እየሰፋ ቀበቶው ላይ አዲስ ቀዳዳ በምስማር መብሳቱንም አይታለች። እናቷን ቀብራ ሳትጨርስ አባቷ በቁሙ እያለቀባት ነበር፤ ሥራ ላይ ክኒን ስትቆጥር እንኳ ከሐሳቧ አይወጣም። እንዴት እንደምታስቀረው ጨነቃት። በመጨረሻ ያ ጨዋታ ትዝ አላትና አጎቷ ዘንድ ደውላ፣ «እሑድ ከሰዓት ኑ፤ ጠርሙሶቹን አንተ ይዘህ ና፤ ደህናዋን እንዳትረሳ» አለችው።

አጎትየው፣ ማለትም የሟች ወንድም፣ የአውቶቡስ ሾፌር ነው። ልቡ ሰፊ፣ ድምፁ ሰፊ፤ ኪሱ ግን ጠባብ ነው። እሑድ ከሰዓት ከሚስቱ ጋር ሲመጣ በሁለት ፌስታል ሙሉ ጠርሙስ እያንኳኳ ገባ። ቧንቧ ሠራተኛው እንግዳ መጣበትና እምቢ ማለት አፈረ። ልጁ ወጥ ቤት ጠረጴዛው ጋ አስቀምጣው ፎጣውን ስታወጣ አየና ጭንቅላቱን ዝቅ አድርጎ ሰጣት።

ፀሐይዋ በመስኮቱ ገብታ የጠረጴዛውን ላስቲክ ታሞቃለች፤ ማቀዝቀዣው ያጉረመርማል፤ የአጎትየው ሚስት ማጠቢያው ጋ ቆማ ብርጭቆ ታጥባለች። ይህን ሁሉ በጆሮውና በቆዳው ብቻ ነው የሚያውቀው። ሾፌሩ አንዱን ጠርሙስ ከፍቶ ቀዳለት።

ቀመሰ። እግሩ ሥር የተቀመጠለት ባልዲ ውስጥ ተፋ። ሁሉም ትንፋሹን ይዞ ይጠብቃል።

«ይሄ ልጅ» አለ ቀስ ብሎ፣ «ጎበዝ ኮምጣጤ ይወጣው ነበር። ቤተሰቦቹ አስገድደውት ነው ወይን የሆነው።»

ሾፌሩ ጠረጴዛውን ደበደበው። ሁለተኛው ሲመጣ፣ «ይሄን ሽታ አውቀዋለሁ፤ የጥርስ ሐኪሙን ማጠቢያ ስፈታ ነው የተገናኘነው» አለ። ሦስተኛውን ደግሞ አፉ ውስጥ ሲያንከባልል ቆይቶ፣ «ይሄኛው ጥርስ አለው፤ ምላሴን ይዞ አለቅም ብሏል፤ መፍቻዬን አምጡልኝ» ሲል ልጁ ከት ብላ ሳቀች። እንዲህ ስትስቅ ከሰማት ስንት ጊዜው! ደረቱ ውስጥ የሆነ ነገር ላላ። ጥሩ ነበር። እዚያ ላይ ቢያበቃ ደግሞ እንዴት ጥሩ ነበር።

የሾፌሩ ስልክ ጮኸ። ወንበር ተገፋ፣ ጫማው ወደ ኮሪደሩ ወጣ፣ «ሃሎ! ኧረ ዛሬ ዕረፍት ነኝ!» የሚለው ድምፁ ከበሩ ማዶ ተሰማ። ቧንቧ ሠራተኛው ባዶ ብርጭቆውን እንደያዘ ጠበቀ። የጠርሙስ አንገት የብርጭቆውን ከንፈር ነካ አደረገው፤ ወይን ወረደ።

ልጁ ናት ብሎ አፉ ውስጥ ጨመረው። ለቀልድ የተዘጋጀው አፉ ሥራውን ረሳ። ወይኑ ለብ ያለ ነበር። ጣፋጭ ነው ማለት አይበቃም። ከጣዕሙ ሥር ሌላ ነገር አለ፤ የተተኮሰ አንሶላ፣ የካውያ እንፋሎት፣ ሰርቪስ ጠብቃ ስትመጣ የሚይዛት ትንሽ ላብ። ሚስቱ ዕድሜዋን ሙሉ የሆቴል ልብስ ስትተኩስ የኖረች ሴት ናት።

«ቆይ አባዬ፣ ሙቀቱ ገደለን፣ መስኮቱን ልክፈተውና እኔ እቀዳልሃለሁ» አለች ልጁ፤ ከክፍሉ ወዲያኛው ጫፍ።

ማጠቢያው ጋ ቧንቧው እየፈሰሰ ነው። ሾፌሩ ኮሪደር ውስጥ ከአለቃው ጋር ይከራከራል። ሦስቱንም ባሉበት በጆሮው ቆጠራቸው፤ የቀዳለት ከሦስቱ አንዳቸውም አይደሉም።

ብርጭቆውን ጨለጠውና መልሶ ዘረጋው። ያው የጠርሙስ አንገት የብርጭቆውን ከንፈር ነካ አደረገው፤ ወይኑ ወረደ፤ መጨረሻ ላይ ደግሞ ጠብታው እንዳይፈስ ጠርሙሱን ዞር ሲያደርጉት የምትሰማው ያች ትንሽ ድምፅ ተሰማች። ከሚስቱ በቀር እንደዚያ የሚቀዳ ሰው አያውቅም። ሞቅ ያለ እጅ ትከሻው ላይ አረፈ።

መስኮቱ ጋ ልጁ አንድ ጊዜ ጮኸችና አፏን ያዘች። ቧንቧው ተዘጋ። ሳህን ወድቆ ተሰበረ፤ ማንም ግን አላነሳውም። ሾፌሩ፣ «ምን ሆናችሁ? ሰው ሞተ እንዴ?» እያለ ገብቶ በሩ ላይ እንደቆመ ቀረ።

«ማንም እንዳይጠጋኝ!» አለ ቧንቧ ሠራተኛው። «ፎጣውን የነካ ሰው ወዮለት!»

ደህናውን ወይን አግኝቷል። በሕጉ መሠረት መናገር ነበረበት። ከተናገረ ግን ፎጣው ይፈታል፤ ፎጣው ከተፈታ ወንበሩ ጀርባ ማንም እንደማይኖር ልቡ ነግሮታል። ስለዚህ ዋሸ።

«ይሄም ርካሽ ነው» አለ። «የ... የባኞ ማፍሰሻ ነገር አለው። ሌላ ይቀዳ።»

ተቀዳ። ጠጣው እንጂ አልተፋውም። በዚህኛው ውስጥ መጀመሪያ የተከራዩት ክፍል ነበረ፤ ግድግዳው የሚያለቅስ፣ ኩርሲ እንኳ ሳይኖራቸው የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተራ በተራ የተቀመጡበት። «ርካሽ» አለ። በሚቀጥለው ውስጥ የሆስፒታሉ ኮሪደር ነበረ፤ እዚያ እንኳ የእሷ እጅ በእሱ እጅ ውስጥ ነው። «ይሄ ደግሞ ከሁሉም የባሰ ነው» አለና ከፎጣው ሥር እንባው ወረደ። ከእጇ የተቀበለውን ደህና ነገር ሲያጣጥል በዕድሜው የመጀመሪያው ነበር፤ አፍሮ አንገቱን ደፋ። ብርጭቆውን ግን ዘረጋ።

ስሟን ሊጠራ ያስብና ይፈራል። ድምፁ ያባርራት ይመስለዋል። እንዲህ እያለ፣ እየጠጣና እየዋሸ፣ እግሮቹ እስከ ጉልበቱ መቀዝቀዛቸውን አስተዋለ። ፀሐይዋ ከእጁ ላይ ሄዳለች። ማቀዝቀዣው አይሰማም። ልጁ «አባዬ፣ አባዬ» ትላለች መሰለው፤ ግን ድምፅዋ ፎቅ ቤት ውስጥ ቱቦ ሲፈታ ከላይኛው ቤት በብረቱ እየተንቆረቆረ እንደሚመጣው ነው፤ የማን እንደሆነ የማይለይ፣ የሌላ ቤተሰብ ጣጣ የሚመስል። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ አልከፋውም። ወዴት እየሄደ እንደሆነ ገብቶታል፤ መንገዱም ሞቃት እጅ ነበረው። ሰውየው ደስ ብሎት ነበር፤ የሚያስፈራው ነገር እሱ ነው።

«ሌላ» አለ።

ተቀዳለት። ይሄኛው አወራረዱ ቀለል ያለ ነበር። አፉ ውስጥ ጨመረው፤ ጠበቀው፤ ምንም የለም። ክፍልም የለም፣ እንፋሎትም የለም። ውሃ ነው።

ያን ጊዜ ነው የገባው። ግብዣ ላይ ሞቅ ብሎት መስመሩን ሊለቅ ሲል ሚስቱ ሰው ፊት አታዋርደውም፤ በቃህም አትለውም። ወሬዋን ሳታቋርጥ፣ ፊቷን ሳታዞር፣ ብርጭቆው ውስጥ ውሃ ትቀዳለታለች። ጠጪው ሁሉ ወይን ይመስለዋል፤ ውሃ መሆኑን የሚያውቁት ሁለቱ ብቻ ናቸው።

ውሃውን አፉ ውስጥ ይዞ ብዙ ቆየ። ይሄንንም ርካሽ ብሎ ሊዋሽ አሰበ። ከዛሬ በፊት ግን እሷን መቼ ዋሽቷት ያውቃል? ዋጠው።

«ይሄ ነው» አለ። «ይሄ ነው ደህናው።»

እጁ ከትከሻው ላይ ተነሳ። ቀስ ብሎ ነው የተነሳው፤ ጣት በጣት። ፎጣውን ራሱ ፈታው።

ፀሐይዋ እንደነበረች ጠረጴዛው ላይ አለች። የአጎትየው ሚስት ማጠቢያውን ተደግፋ መሬት ላይ ተቀምጣለች። ልጁ ከእሱ አንድ ክንድ ያህል ርቃ ቆማለች፤ እጇን ዘርግታ ስትለምነው እንደቆየች ያስታውቃል፤ ዓይኗ ቀልቷል። ሾፌሩ ጠርሙስ ለጠርሙስ እያነሳ ወደ ብርሃኑ ያያል፤ ከንፈሩ ነጭ ሆኗል።

«ጋሼ» አለ፣ «እኔ እኮ የከፈትኩት ሦስቱን ብቻ ነው። እነዚህ ቡሻቸው እንኳ አልተነቀለም፤ እየው። ባዶ ናቸው።» ከዚያ ማንም ሳይጠይቀው፣ እንደ ተማሪ አንገቱን ደፍቶ፣ «ደግሞ ደህና ጠርሙስ አልገዛሁም። ማን ያውቃል ብዬ ነው። ሁሉም የታችኛው መደርደሪያ ናቸው» አለ።

በሌላ ቀን ቢሆን ይህ ቤቱን በሳቅ የሚያፈርስ ነገር ነበር። አሁን የሰማው ሰው መኖሩም ያጠራጥራል።

ልጅቷ አባቷ ፊት ቁጭ አለች። ፊቱን በሁለት እጇ ይዛ አየችው፤ ሙቀቱ እየተመለሰ መሆኑን በመዳፏ አረጋገጠች። ከሞት አፍ የተመለሰ አባት አላት። ደስ ሊላት ይገባ ነበር፤ ደስም ብሏታል። ግን ሌላ ነገር አላስቀምጥ አላት።

«እማዬ ናት አይደል?»

«እሷ ናት።»

«ስለ እኔ... ምንም አላለችም?»

ቧንቧ ሠራተኛው አፉን ከፈተ። ከሰዓቱን ሙሉ በየብርጭቆው ሲዋሽ የዋለ ሰው ነው፤ እዚህ ጋ የምትበቃ አንዲት ውሸት ቢያገኝ ምን ነበረበት። ብርጭቆ ሲዘረጋ፣ ሲጨልጥ፣ ሌላ ሲል፣ ይህች ልጅ እዚሁ አጠገቡ ቆማ እየጠራችው፣ «ልጅሽም እዚህ ናት» ማለት አንድ ጊዜ እንኳ ትዝ አላለውም። ሁሉንም ብቻውን ነው የጠጣው።

«አልጠየቅኋትም» አለ። «ልጄ፣ እኔ ነኝ ያልጠየቅኋት።»

አልተቆጣችም። ጭንቅላቷን ነቀነቀች። ከጭኑ ላይ ፎጣውን አነሳች፤ በእንባው ርሷል። አባቷን በእጇ ገፋ አድርጋ ከወንበሩ አስነሳችውና በቦታው ተቀመጠች። ዓይኗን ራሷ አሰረች፤ እንዳይላላ ሁለት ጊዜ ቋጠረችው። ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ በዳበሳ አግኝታ አነሳችና ዘረጋች።

«እማዬ» አለች።

ጠርሙሶቹ ሁሉ ባዶ መሆናቸውን ደፍሮ የሚነግራት ሰው ጠፋ።