ሙት የተከሰሰበት ችሎት

ሕግ ምንም እንኳ ክብርትና ልዕልት፣ ኃያላንን የምታዋርድና ድኩማንን የምታጸና ብትሆን፣ እንደ ፍጡራን ሁሉ ዳርቻና ወሰን አላት፤ እጅ የሠራውንና አፍ የተናገረውን ትመረምራለች እንጂ ኅሊና የሰወረውን አትመረምርም፤ በሕይወት ያለውን ትጠራለች እንጂ መቃብር የተዘጋበትን አታስነሣም። ቅናት ግን፣ አስተዋይ አንባቢ ሆይ፣ ይህን ወሰን አታውቅም፤ ሥጋ የሌለውን ባላንጣ ሳይቀር ይዛ ከዳኛ ፊት ልታቆም ትሻለች። በደንቢያ አገር፣ ከጣና ባሕር ዳር፣ በባላምባራስ ክፍለ ዮሐንስ ላይ የደረሰው ይኸው ነበር።

ይህ ሰው በሸንጎ የተከበረና በጦር ሜዳ የተፈተነ ባለ ርስት ሲሆን፣ በመልክ የተዋበችውንና በጠባይ የታረመችውን አመተ ጽዮንን በሕግ አገባ። የቀድሞ ባሏ ዘመልአክ የደብር መጻሕፍት ጸሓፊ ነበር፤ በታንኳ ሲሻገር ማዕበል አስጥሞት ከሞተ አራት ዓመት አልፎታል። ባላምባራስም በመጀመሪያ ስለ ሟቹ ግድ አልነበረውም። በመስከረም ግን አመተ ጽዮን በወባ ታማ፣ ትኩሳቱ ሲበረታባት ሦስት ጊዜ «ዘመልአክ» ብላ ተጣራች። ባሏ ውሃ ይዞላት ከአልጋዋ አጠገብ ቆሞ ነበርና፣ ዋንጫውን ቀስ ብሎ መሬት ላይ አኑሮ ወጣ።

ከዳነችም በኋላ እርስዋን አንዳች አልጠየቃትም፤ ጎረቤቱን፣ ካህናቱን፣ ታንኳ ቀዛፊዎቹን ግን የሟቹ ቁመት ምን ያህል እንደ ነበረ፣ ድምፁ እንዴት ያለ እንደ ነበረ ይጠይቅ ጀመር። አንድ ቀን ወደ ደብሩ ሄዶ ዘመልአክ የጻፈውን መጽሐፍ አስወጣ፤ የፊደሉን ውበትና በኅዳጉ የተሣለውን የሐረግ ጌጥ ጥራት ብዙ ሰዓት ሲመለከት ቆይቶ፣ ጦር እንጂ ብርዕ ጨብጦ የማያውቀውን የገዛ እጁን ጠላው። ከዚያ ወዲያ እህል አልጣመውም፤ ሚስቱ ዝም ስትል ሟቹን ታስባለች፣ ስትስቅም ሟቹን ትሸሽጋለች እያለ ተብሰለሰለ።

በመጨረሻም ሊቅ እንበረም ከተባሉት አረጋዊ ዳኛ ፊት ቀርቦ፣ ዘመልአክ የሚስቴን ልብ ይዞብኛልና ይፈረድልኝ አለ። ሙት ሊከሰስ እንደማይችል ቢነገረው፣ የሟቹን ወንድም ምህርካን አስጠርቶ፣ ርስት የወረሰ ስለ ርስቱ ሙግት መልስ እንደሚሰጥ ሁሉ ስለ ሟቹ በደልም ይመልስ ሲል ተሟገተ። ምህርካ የዋህ ገበሬ ነበርና፣ ከወንድሙ የደረሰው አንድ እርሻና ጥማድ በሬ ብቻ መሆኑን ተናገረ፤ ሸንጎውም አፉን በነጠላው ሸፍኖ ሳቀ። ያ ሳቅ ባላምባራስን አቃጠለው፤ እንግዲያስ ሚስቴን ከስሻለሁ አለ። አመተ ጽዮንም ተጠርታ መጣች። ዳኛው ከባሏ ቤት ኮብልላ፣ ወይም ከሌላ ወንድ ጋር ታይታ እንደሆነ ጠየቁት፤ ከሳሹም ፈጽሞ እንዳላደረገችው መሰከረ።

«ባላምባራስ፣» አሉ ሊቅ እንበረም፣ «ቃል ኪዳንዎን ብታፈርስ እንፈርድልዎ ነበር። በልቧ ስለሚመላለሰው ግን እኛ የምንፈርድበት ሥልጣን የለንም። ክሱ ውድቅ ነው።»

አመተ ጽዮን ለመናገር ፈቃድ ለመነች።

«ጌታዬ፣» አለች ወደ ባሏ ዞራ፣ «በሕመሜ ማንን እንደ ጠራሁ አላውቅም። የዘመልአክ መልክ ከዓይኔ እየራቀ ሄዶ፣ ድምፁንም ረስቼው ነበር። እርስዎ ቤት ለቤት ስለ እርሱ ሲጠይቁ፣ ያየኝ ሁሉ ስለ እርሱ ያወራኝ ጀመር። አሁን ድምፁ ትዝ ይለኛል።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ የተረሳው ጸሓፊ በየገበያውና በየወደቡ የሚነሣ ሰው ሆነ፤ በአንድ ጣራ ሥር የሚኖሩት ባልና ሚስት ግን የሚነጋገሩት አጡ። በጥር ወር በሽማግሌ ፊት፣ ያለ ጠብና ያለ ክርክር ተለያዩ። በቅሎዋ ተጭና ስትወጣ እርሱ ከደጃፉ ቆሞ ነበር፤ ቅሪልኝ ይላት ይሆናል ብላ ነጠላዋን እያስተካከለች ጥቂት ዘገየች፤ እርሱም ቃሉ ከጕሮሮው ደርሶ ሳለ፣ ማንን እያሰበች እንደ ዘገየች ተጠራጥሮ ዝም አለ። ቅናት ነገረ ፈጅ ሆና የቆመችለት ከሳሽ፣ ተከሳሹ ባይቀርብ እንኳ ተረትቶ ይመለሳል።