ሚስ ኢዞልዳ ከውሃው አልወጣም አለች

በመንደሩ ፊት ለፊት ባለው የባሕር ዐለት ላይ፣ በጣውላ ቆመው ማዕበል ከሚጋልቡት ወንዶች ግማሾቹን፣ አፋቸውን ዘግተው መጥለቅ ያስተማረቻቸው ኢዞልዳ ዳውነር ናት። ይህን የሚክድ የለም፤ የሚያነሳውም የለም። የግልቢያው ውድድር በየዓመቱ ሲመጣ ድንኳን ይተከላል፣ ከዋና ከተማው ከሳን ሆሴ ዳኞች ይጠራሉ፣ ለእሷ ግን ያው የብረት መጥበሻ ይሰጣታል። "ሚስ ኢዞልዳ፣ ዓሣውን እንደ አምናው ያድርጉልን!" እንደ አምናው! ሰባውን እንዳለፈች አልጠፋትም፤ ጉልበቷ በየማለዳው ይነግራታል። ነገር ግን ያን ሁሉ ጎረምሳ በጆሮው ጎትታ ከውሃ ያወጣች ሴት፣ እነሱ ስለ ባሕር ሲያወሩ አጠገባቸው ቆማ፣ "እርስዎስ ምን ይላሉ?" የሚላት አንድ ሰው ስታጣ፣ ዘይቱ ሳይሆን እሷ ራሷ ትፈላ ነበር።

የዘንድሮው ደግሞ ከመረሳትም ባሰ።

የውድድሩ ዋዜማ ከሰዓት በኋላ ሴልቪን ስፔንስ ድንኳኑ ውስጥ ቆሞ ተራውን ተናገረ። ሴልቪን የውድድሩ ሰብሳቢ ነው፤ ቦርጩ ከማልያው ሥር ብቅ ያለ፣ ድምፁ ከቦርጩ የሚበልጥ። ሟች እናቱ የኢዞልዳ የልብ ጓደኛ ነበረች።

"ነገ ከማለዳ ጀምሮ ወንዶች። ሴቶች ከምሳ በኋላ። የተረፈ ካለ ከነገ ወዲያ ማለዳ ይጠናቀቃል።"

ምን ማለት እንደሆነ ድንኳኑ ውስጥ ያለ ሁሉ ያውቀዋል። እዚህ አገር ማለዳ ላይ ነፋሱ ከተራራው ይወርዳል። ከሩቅ የመጣው ሞገድ ዐለቱን መትቶ ሲነሳ ፊት ለፊት ይገጥመዋል፤ ደግፎ ያቆመዋል፣ ጠጉሩን ያበጥርለታል። ያን ጊዜ ማዕበሉ እንደ ግድግዳ ቀጥ ይላል፣ እንደ መስታወት ይለሰልሳል። ረፋዱ ላይ ነፋሱ ይዞርና ከባሕር ይመጣል። ያው ሞገድ፣ ያው ዐለት ላይ፣ እንደ ተደፋ ገንፎ ይሆናል። ከምሳ በኋላ ማለት ገንፎ ማለት ነው። አምናም ካቻምናም ሴቶቹ ገንፎው ላይ ጋለቡ፤ ዳኞቹ ጥቁር መነጽራቸውን ሳያወልቁ አይተው "የሴቶቹ ደረጃ ገና ነው" አሉ፤ ለብሔራዊው ቡድን ወንዶች ብቻ ተመረጡ።

"ሴልቪን፣ ለምንድን ነው ሁልጊዜ እኛ ከምሳ በኋላ?" አለች ኔሪሳ። ኔሪሳ የኢዞልዳ ጎረቤት፣ የዓሣ አጥማጁ ልጅ ናት፤ በዚያ ዐለት ላይ ከሴትም ከወንድም እሷን የሚያስንቅ የለም። ይህ የመጨረሻ ዕድሏ ነው፤ ዘንድሮ ካልተመረጠች ሊሞን ወደብ ወርዳ ሥራ ልትገባ ነው፤ እዚያ ደግሞ ጣውላ የሚያስነካ ጊዜ የለም።

"ለእናንተው አስቤ እኮ ነው፣ የኔ እመቤት!" አለ ሴልቪን። "በማለዳ ማን ያያችኋል? ሕዝቡ የሚመጣው ከምሳ በኋላ ነው።"

ወንዶቹ ሳቁ። ኢዞልዳ ከመጥበሻው ቀና አለች።

"ሕዝብ ማዕበል አይሆናቸውም" አለች። "ማለዳውን ለሴቶቹ ስጣቸው።"

"ሚስ ኢዞልዳ፣ ዓሣው እንዳያርርብዎ!" አለ አንዱ ከኋላ፤ ድንኳኑ በሳቅ ሊፈርስ ደረሰ። ይሄኛውስ ይሁን፤ ከየትም የመጣ ባለጌ ነው። ሴልቪንም መሳቁ ግን አንጀቷ ድረስ ዘለቀ።

እጇን በሽርጧ ጠረገች፤ ሽርጡን ፈታ ሴልቪን ትከሻ ላይ ጣል አደረገችው።

"በል ዓሣውን አንተ ገልብጠው" አለችና ወጣች።

ኔሪሳ እየሮጠች ደረሰችባት። "ሚስ ኢዞልዳ፣ በኔ ምክንያት ከሰው አይጣሉ፤ ይተዉት።"

"ማን ይጣላል? ነገ ማለዳ ሌሎቹን ሰብስበሽ፣ ማልያችሁን ለብሳችሁ ባሕሩ ዳር አልመንድራው ዛፍ ሥር ጠብቁ።"

"ምን ሊያደርጉ ነው?"

"እቀመጣለሁ።"

"የት?"

"ሂጂ ተኚ፤ ዓይንሽ ቀልቷል።"

ሌሊቱን ባሕሩ ሲመታ መደርደሪያው ላይ ያሉት ድስቶች ይንጫጩ ነበር። ሰሜን የሆነ ቦታ አውሎ ነፋስ ባሕሩን ሲያምሰው ሰንብቷል፤ ሞገዱ ያን ሁሉ መንገድ ተጉዞ የእነሱ በር ላይ ደረሰ። ዓመቱን ሙሉ የተጠበቀው ይኸው ነው። ኢዞልዳ ጎህ ሲቀድ ተነስታ በምሰሶ ላይ ከቆመው ቤቷ ወለል ሥር የተንጠለጠለውን፣ ባልሳ ከሚሉት ቀላል እንጨት የተሠራ የግልቢያ ጣውላዋን አወረደች። ወንድሟ በሕይወት ሳለ በመጥረቢያና በብርጭቆ ስባሪ የጠረበላት ነው። የዶሮ ኩስ ደርቆበታል። በቢላ ፋቀችው፤ ዶሮዎቹንም ሰደበቻቸው።

የውድድሩ ሕግ አንድ ነገር ይላል፦ ተወዳዳሪ ያልሆነ ሰው ማዕበሉ ከሚነሳበት ቦታ ካለ፣ ዙሩ አይጀመርም። ሕጉን ያወጣው ሴልቪን ነው፤ ቱሪስቶች እየገቡ ስላስቸገሩት።

በዐለቱ መሀል "በሩ" የሚሉት ክፍተት አለ፤ ማዕበሉ ወደ ዳር የደፋው ውሃ በዚያ በኩል ወደ ባሕር ይመለሳል፣ ሰውንም ይዞ ይሄዳል። ኢዞልዳ ጣውላዋ ላይ በሆዷ ተኛችና በበሩ ገባች። ክንዷ እንደ ድሮው አልነበረም፤ ውሃው ግን እንደ ድሮው ወሰዳት። አንዴ አረፋው ከፊቷ ፈንድቶ አፏን ሞላው፤ ተፋችውና ቀዘፈች። ወደ ዳር ዞራ ስታይ የቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ ከዳቦ ፍሬው ዛፍ ጫፍ ጋር ሲገጥምላት ቆመች፤ ማዕበሉ የሚነሳው እዚያ ነው። ጣውላዋ ላይ እግሯን አንፈራጥጣ ተቀመጠች። ከእግሯ ሥር ዐለቱን የሸፈነው ኮራል ቡናማ ሆኖ ይታያል፤ ውሃው ሲሸሽ እጅ ሰድዶ የሚነካ ይመስላል። ከተራራው የሚወርደው ነፋስ ጀርባዋን አበረደው። ደስ አላት፤ ግን ለደስታ አልመጣችም።

ድምፅ ማጉያው ተንኮሻኮሸ፤ ከሳን ሆሴ የመጣ ዳኛ ነው። "ውሃ ውስጥ ያሉት አሮጊት፣ እባክዎ ይውጡልን፤ ውድድር ልንጀምር ነው።"

ንቅንቅ አላለችም።

"እናት፣ ይሰማሉ?"

የእሱ እናት ሌላ ናት። 

የመጀመሪያዎቹ አራት ወንዶች ዳር ላይ ጣውላቸውን በብብታቸው ይዘው ቆመዋል። ትንሽ ቆይቶ የውሃ ላይ ጠባቂው ካርልተን በውሃ ሞተር ሳይክሉ እየተንደቀደቀ መጣ። የእህቷ ልጅ ነው።

"አክስቴ፣ ምን ሆነሻል? አመመሽ እንዴ?"

"ደህና ነኝ። አጥፋልኝ ያንን፤ ይሸታል።"

አጠፋው። "አውጣት ብለውኛል።"

"አውጣኛ።"

ካርልተን ዳሩን አየ፣ አክስቱን አየ። "እንዴት አድርጌ?"

"እኔ ምን አውቃለሁ? ጠባቂው አንተ። ከፈለግህ በጠጉሬ ጎትተኝ፤ ከዚያ እናትህ ዘንድ ሄደህ ታስረዳለህ።"

"ኧረ አክስቴ፣ በእግዚአብሔር..."

"ሂድና ለሴልቪን ንገረው። ዛሬ ማለዳ ሴቶቹ ካልገቡ ማንም አይገባም።"

ካርልተን እናቱን ከሰብሳቢውም ከዳኛውም አብልጦ ይፈራታል። ሞተሩን አስነስቶ ተመለሰ። ዳር ላይ ክንድ ሲወራጭ ታያት፤ ጩኸቱም ደረሳት። አልመንድራው ዛፍ ሥር አምስት ማልያ ተሰልፏል፤ ልጆቹ መጥተዋል። ጎሽ።

ያን ጊዜ አድማሱ ጠቆረ።

እዚያ አገር ተከታትሎ የሚመጣውን ትልልቅ ማዕበል "ቤተሰቡ" ይሉታል። ልጆቹ ይቀድማሉ፤ እናትየዋ ሦስተኛ ናት። ኢዞልዳ የመጀመሪያውን ቀዝፋ ተሻገረችው። የሁለተኛው ጫፍ ጣውላዋን ሽቅብ አንስቶ ከወዲያ በጀርባው ጣለው፤ ወገቧ ተንቋቋ። ሦስተኛዋን ስታይ እጇ በራሱ ቆመ።

እናትየዋ አረንጓዴ ነበረች። ስትቀርብ ዐለቱ እግሯን ያዛትና ቀና አለች፤ ከፍ፣ ከፍ፣ ከፍ። ነፋሱ ከጫፏ ላይ ውሃ እንደ ዱቄት እየነፋ ወደ ኋላ ይበትናል። ፊቷ ላይ አንዲት ሽብሽብ የለም። ደግሞ የመጣችው ኢዞልዳ ወደ ተቀመጠችበት ነው፤ ፈልጋ የመጣች ይመስል። ይቺን የምትመስል ማዕበል ያየችው መቼ ነበር? ሰውነቷ ሳያማክራት ጣውላውን አዞረ። ሁለት ቀዘፋ፣ ከዚያ መነሳት፤ ጉልበቷ ይችል ይሆናል፣ ባይችልም በሆዷ ትወርዳለች። ዳሩ ሁሉ ያፏጫል። "ሂጂ! ሚስ ኢዞልዳ፣ ሂጂ!" ሴልቪን ራሱ ሰብሳቢነቱን ረስቶ ይጮሃል፤ ወንዶቹ ይዘላሉ።

አንድ ጊዜ ቀዘፈች። የጣውላው ጭራ ተነሳ፤ ከፊቷ ያ ረጅም አረንጓዴ መንገድ እስከ በሩ ድረስ ተዘርግቶ ታያት።

የተቀመጠችበት ቦታ ግን እዚህ ነው። ይቺን ከጋለበች ማዕበሏ ወስዳ ዳር ታስረክባታለች፤ ሁሉም አጨብጭበው ያቅፏታል፤ "ሚስ ኢዞልዳ አሁንም አለች!" ብለው ይስቃሉ፤ እሷም ትስቃለች። አራቱም ወንዶች በበሩ ይገባሉ። ልጆቹ ከምሳ በኋላ ገንፏቸውን ይበላሉ።

ሁለት እጇን ውሃው ውስጥ ተከለች፤ ደረቷን ቀና አድርጋ ወደ ኋላ ተጎተተች። እናትየዋ ከሥሯ ሾልካ ሄደች፤ ዐለቱ ላይ ባዶዋን ተጠቅልላ፣ የማንም ሳትሆን ፈነዳች። የኢዞልዳ ዓይን እንባ አቀረረ፤ ጨው ነው ብትል የሚያምናት አልነበረም፣ ደግነቱ ማንም አልጠየቃት። ዳር ላይ ፉጨት የለ፣ ጭብጨባ የለ። ያንን ማዕበል ያሳለፈ ሰው በልመናም በማስፈራራትም እንደማይነሳ፣ ውሃ የሚያውቅ ሁሉ ገባው።

ድምፅ ማጉያው ሁለተኛ አልጠራትም። ሴልቪን ከዳኞቹ ጋር የሚነጋገርባትን ሬዲዮ በላስቲክ ጠቅልሎ አንገቱ ላይ አንጠለጠለና ራሱ በጣውላ መጣ። እየቀዘፈ ሳለ አንድ ማዕበል ጭንቅላቱ ላይ ፈርሶበት ነበርና ሲደርስ በአፍንጫውም በአፉም ውሃ ይወጣል።

"አፍህን ዝጋ ብዬ አስተምሬህ ነበር" አለች።

"ሚስ ኢዞልዳ..." አሳለው። "ያቺን እንዴት አሳለፏት? እኔ ብሆን..."

"አንተ ብትሆን ይሄኔ ዳር ነህ። የመጣህበትን ተናገር።"

"እሺ። የሴቶቹን የፍጻሜ ዙር ብቻ ለነገ ማለዳ ላድርገው። ይኸው እጄን ሰጠሁ።"

"ነገ ሞገዱ ይቀንሳል።"

"ትንሽ ነው የሚቀንሰው።"

"ትንሽ ከሆነማ ነገ ወንዶቹ ይጋልቡበት።"

"ሚስ ኢዞልዳ፣ ቢቀንስስ? ወንዶቹ ዓመቱን ሙሉ የጠበቁት ይሄንን ነው!"

"ሴቶቹስ ምን ሲጠብቁ የከረሙ መሰለህ? ዓሣዬን? ከቀነሰ በቀነሰው ይጋልቡ። እነዚህ ልጆች ስንት ዓመት በቀነሰው፣ በደፈረሰው ጋለቡ።"

"ቢያንስ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዙሮች የወንዶች ይሁኑና..."

"ከምሳ በኋላ አስገባቸው። ሕዝቡ ያያቸዋል።"

ሴልቪን ሊስቅ ሲል ፊቷን አይቶ ተወው። ተራራውን ዞሮ አየ። የዘንባባዎቹ ቅጠል ገና ወደ ባሕር ያጎነብሳል፤ ጫፍ ጫፉ ግን መወዛወዝ ጀምሯል። ጊዜ እየሄደ ነው፤ የሷም የሱም።

"ከምሳ በኋላ ደህና አድርጎ የሚጋልብ የለም፤ ነጥባቸው ይበላሻል" አለ፤ ይህን ሲል ድምፁ ወረደ።

"ምን አልክ?"

"ሰምተውኛል።"

"ሰምቻለሁ። ድገመው።"

"ከምሳ በኋላ በዚህ ውሃ ማንም... ሰው ይበላሻል።" ዓይኑን ከኮራሉ አላነሳም። "አውቃለሁ፣ ሚስ ኢዞልዳ። ሁላችንም እናውቃለን። አምናም እናውቅ ነበር።"

"ስታውቅ ነው እንግዲህ ኔሪሳን ደረጃሽ ገና ነው ያስባልካት።"

ውሃው ሁለቱንም አንድ ላይ አነሳ፣ አንድ ላይ አወረደ። ዳር ላይ ኔሪሳ ከዛፉ ሥር ወጥታ እስከ ጉልበቷ ውሃ ውስጥ ገብታ ቆማለች፤ ሌሎቹ አራቱ ከኋላዋ ናቸው።

"ወንዶቹ ይገድሉኛል" አለ ሴልቪን።

"እኔ እቀድማቸዋለሁ።"

"እሺ፣ እስቲ መጀመሪያ እንውጣና ከዳኞቹ ጋር ቁጭ ብለን..."

"ቁጭ ብያለሁ እኮ። ሌላ የምቀመጥበት ወንበር የለኝም።" ጣውላዋን አዙራ የሱን ጣውላ ገጨችበት፤ ፊት ለፊት ሆኑ። "ሴልቪን፣ ስማኝ። የዛሬው ማለዳ ከመጀመሪያው ዙር እስከ ፍጻሜው የሴቶቹ ነው። ከዛሬ ወዲያም በየዓመቱ ማለዳው በዕጣ ይሁን፤ ዕጣውንም ከሴቶቹ አንዷ ታውጣው። ዳር ወጥተህ አይደለም የምትናገረው፣ እዚህ፣ እኔ እየሰማሁ ነው። ነፋሱ ሊዞር ነው፤ ያቺን ሬዲዮ ከላስቲኩ አውጣና በል ተናገር!"