ጠብቷል ወይ?

የላቦራቶሪው ተለማማጆች ለደም መርማሪዋ «ወይዘሮ ጠብቷል ወይ» የሚል ስም ያወጡላት በከንቱ አይደለም። ከአራስ ልጅ ተረከዝ የተወሰደ ደም በካርድ ሲመጣላት፣ ከልጁ ስም በፊት የምታየው ሰዓቱን ነው። መቼ ተወለደ? መቼ ተወጋ? ጠብቷል ወይ? ሁለት ቀን ካልሞላው ካርዱን በመጣበት መስኮት ትመልሰዋለች። ነርሶቹ በሽቀዋል፣ አለቃዋም ሁለቴ ጠርቶ አናግሯታል። እሷ እቴ! ጆሮ ዳባ ልበስ ብላለች።

ለተለማማጆች ስታስረዳ ከመሳቢያዋ በክር የተሰካ ዶቃ ታወጣለች።

«ፕሮቲን ማለት ይኸው ነው» ትላለች። «እያንዳንዱ ዶቃ አሚኖ አሲድ ነው፣ ዓይነቱ ሃያ። እንደ አሰካኩ ይተጣጠፋል፣ እንደ አተጣጠፉም ይሠራል። አንዲት ዶቃ ያለቦታዋ ከገባች እጥፋቱ ይበላሻል፤ እጥፋቱ ከተበላሸ ደግሞ ሥራ የሚባል ነገር የለም።»

ከዚያ ቀዩን ዶቃ ትነካለች። ፌኒልአላኒን ይባላል፣ ወተት ውስጥ ሞልቷል። እሱን የሚለውጠው ኢንዛይም ራሱ ፕሮቲን ነው። ኢንዛይሙ ተበላሽቶበት የተወለደ ልጅ በጠባ ቁጥር ቀዩ ዶቃ ደሙ ውስጥ እየተከማቸ አንጎሉን ይጎዳዋል። በጊዜ ከታወቀ ግን ልዩ የዱቄት ወተት አለለት፤ ምግቡ እየተመጠነ እንደማንም ልጅ ያድጋል።

«ሳይጠባ ብትወጉት ምን ታያላችሁ? ምንም! ጤነኛ ነው ብላችሁ ወደ ቤቱ ትሸኙታላችሁ።»

ይህን ስትል የአውቶቡስ መነሻ ሰዓት የምትናገር ነው የሚመስለው።

ቤቷ የአምስት ዓመት ወንድ ልጅ አለ። ስሙን ሲጠሩት አይዞርም። ቀኑን ሙሉ የቁም ሣጥኑን በር ይከፍታል፣ ይዘጋል። በሽታው የታወቀው ሁለት ዓመት ሲሞላው ነው፤ ልዩ ወተቱም የተጀመረው ያኔ፣ ነገር ካለፈ በኋላ። አማቷ «ከእኛ ዘር እንዲህ ያለ የለም!» ብለው ዘራፍ አሉ። ከእናትም ከአባትም ካልተወረሰ እንደማይመጣ ስታስረዳቸው አኩርፈው ሄዱ። ባሏ ግን ማንንም አልወቀሰም፤ ልጁ ሲወለድ ደሙን አይቶ ጤነኛ ነው ያለውን የላቦራቶሪውን ማሽን ብቻ።

«ያ ውልቅልቁ የወጣ ማሽን ልጄን በላብኝ!» ይላል፣ ሦስት ዓመት ሙሉ። እሷ ግን ሆድ ይፍጀው ብላ ዋጠችው። ጥርስ ሊነቀል ሲል የሚወጉት ማደንዘዣ አለ አይደል? እንደሱ ነው ያደረጋት፤ የሷ ግን አልለቅ አለ። ማልቀስ እንኳ አቃታት።

አሁን ሴት ልጅ ወልዳለች። ባሏ ሕፃኗን አቅፎ፣ «አፈር ስሆን፣ እዚያ ማሽን ላይ እንዳያደርጓት» ብሎ ለመናት። እሷ ግን ሕፃኗን አጥብታ፣ አጥብታ፣ ሦስተኛው ቀን ላይ አስወጋቻት። ካርዱም እዚያው ማሽን ውስጥ ገባ።

በማግስቱ ሐኪሟ ደወለች። ሕፃኗም እንደ ወንድሟ ነበረች።

«ግን በጊዜው ነው የደረስንበት» አለች ሐኪሟ። «አይዟችሁ፣ ይቺ ልጅ ታድጋለች፣ ትማራለች።»

ባሏ ስልኩን እንደዘጋ ሳቀም አለቀሰም። ዱቄቱን ከሐኪም ቤት አምጥቶ፣ በማንኪያ ለክቶ፣ ጡጦውን ሲነቀንቅ እንኳ ፊቱ እርጥብ ነበር።

«በመጨረሻ ማሽኑን ቀየሩታ!» አለ።

አዎ ብትለው ያበቃ ነበር። አንዲት ቃል ናት።

«አልቀየሩትም» አለች። «ያው ነው።»

«ታዲያ በወንድሟ ጊዜ ለምን አላየውም?»

«አልጠባም ነበር።» ድምፅዋ ተለማማጅ የምታስተምር ይመስላል። «የወጋሁት እኔ ነኝ። በተወለደ በሁለት ሰዓቱ። የዕለቱ ካርዶች ሊገቡ ነበር፣ የላቦራቶሪው ሰው ነኝና ወረፋ ልቅደም ብዬ። እስከ ሦስት ቀን መጠበቅ አቃተኝ። ማሽኑ የሰጡትን ነው ያነበበው።»

ባሏ ጡጦውን ይዞ ቆመ። ይጮኻል ብላ ጠበቀች። ቢጮህ ደስ ባላት፣ አንድ ነገር ይሰማት ነበር ይሆናል። እሱ ግን ሕፃኗን አነሣ፣ ጀርባውን ሰጥቷት ተቀመጠ፣ ጡጦውን አፏ ውስጥ ከተተ። ሕፃኗ መጥባት ጀመረች።

ጡጦው ሲያልቅ «ለሱም ንገሪው» አለ።

«ለማን?»

«ለሱ ነዋ። ለወንድሟ፣ ለባለጉዳዩ።»

ሄደች። ቁም ሣጥኑ አጠገብ ወለሉ ላይ ተቀመጠችና የልጇን ስም ጠራች። አልዞረም። ደግማ ጠራችው። ከዚያ ሰዓቱን፣ ካርዱን፣ ወረፋውን፣ ስትወጋው ተረከዙ እንዴት ትንሽ እንደነበረ፣ ሁሉንም ከመጀመሪያው ጀምራ ነገረችው። እሱ በሩን ከፈተ፣ ዘጋ። እንደገና ከፈተ።