የጋሽ አብደላ መፈተኛ አምፖል

በጋሽ አብደላ ሱቅ ሳይበራ የሚሸጥ ዕቃ የለም፤ በርቶ የተሸጠም አይመለስም። ባንኮኒው ላይ አንዲት ትንሽ አምፖል አለች፤ እሷ ከበራች ነገሩ አለቀ። ትሕትና ይህን ደንብ ታውቃለች፤ ያስጨነቃትም ይኸው ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ጉኑኖ ሄዳ ከፎም የሠራቻትን ትንሽ አውሮፕላን ለተማሪዎች ልታበርር ቃል ገብታለች። የቤቱን ኤሌክትሪክ ቀንሶ ለባትሪ ቻርጀሯ የሚሰጠው ፓወር ሰፕላይ ግን ተቃጥሏል። በሰፈሯ ማታ ማታ መብራት ስለሚጠፋ የአውሮፕላኗን አራት ባትሪዎች ከሰዓት በኋላ አንድ ላይ መሙላት አለባት፤ ለዚህ ደግሞ ቻርጀሯ አሥራ አምስት አምፔር ያህል ይስባል።

ጋሽ አብደላ፣ የልጃቸው የዛራ ጓደኛ ናትና፣ ከካርቶኑ ያልወጣ አዲስ ፓወር ሰፕላይ ለይተው አስቀምጠውላታል። ሠላሳ አምፔር ይላል ጽሑፉ። ስታነሳው ግን ለሠላሳ አምፔር በጣም ቀለለባት። ከመደርደሪያው ሥር ከተወገደ የኮምፒውተር ሰርቨር የተነቀለ፣ አቧራ የጠገበ፣ እንደ ድንጋይ የከበደ ሌላ አለ።

አዲሱን ሲሰኩት ትንሿ አምፖል ቦግ አለች። ጋሽ አብደላ ወዲያው ወደ ካርቶኑ ይመልሱት ጀመር።

ያቺ አምፖል አንድ አምፔር እንኳ አትስብም፤ አሥራ አምስት መቻሉን አታሳይም። ግን አባቷን የሚያህል ሰው ለይቶ ያቆየላትን ዕቃ እንዴት አላመንኩትም ትበል? ተማሪዎቹ ሰማይ ሰማይ አንጋጠው ሲጠብቋት ታዩዋት።

«ጋሽ አብደላ፣ እነዚያን መደርደሪያው ላይ ያሉትን የመኪና የፊት መብራት አምፖሎች… ሦስቱን አንድ ላይ ያብሩልኝ» አለች፣ ዓይኗን ከባንኮኒው ሳትነቅል። አንዱ አምስት አምፔር ገደማ ይስባል።

«ሦስት? ሠርግ አለ እንዴ የኔ ልጅ?» አሉ፤ ሽቦውን ግን ከአዲሱ ጋር አገናኙላት።

አንዱ አምፖል ደህና በራ። ሁለተኛው ሲጨመር ፈዘዙ። በሦስተኛው አዲሱ ፓወር ሰፕላይ ድርግም አለ። ከዚያ አሮጌውን ሰኩት፤ ማራገቢያው እንደ ወፍጮ እየጮኸ ሦስቱንም አበራቸው።

ከጋሽ አብደላ ይልቅ እሷ አፈረች። ምናልባት ዛሬ መብራቱ ደካማ ይሆናል አለች።

«መብራቱን አትሚው፤ ያለበት ሐሜት ይበቃዋል» አሉና አሮጌውን በእጅጌያቸው ጠርገው ሰጧት።

ማራገቢያው ቤተሰቡን ሁሉ ከሳሎን ቢያስወጣም፣ ባትሪዎቹ መብራት ሳይጠፋ ሞሉ። ጠዋት አውሮፕላኗን ታቅፋ ወደ ሚኒባሱ ስትሄድ በሱቁ በር አለፈች። ትንሿ አምፖል ከባንኮኒው ተነስታለች፤ በቦታዋ ሦስቱ የፊት መብራቶች በአንድ ሽቦ ተጠፍረው ተቀምጠዋል።