የባዶ እጅ ቀን

"ከበዓል ሁሉ የትኛውን ትወጃለሽ?" ብሎ የጠየቀኝ ሰው መልሴን ሲሰማ ይስቃል። ሚያዝያ 27 ነዋ! የአርበኞች ቀን። ባለቤቴ አየነውማ፣ "አንቺ ደግሞ ከመቼ ወዲህ አርበኛ ሆንሽ?" እያለ ያላግጥብኛል። እስቲ እሱ ፋሲካን እንደኔ ይዋለው። ሽንኩርቱን አርብ ይክተፍ፣ ዶሮዋን አስራ ሁለት ቦታ ይበልት፣ እግሩ አብጦ ያንጋ፣ በነጋታው አማቶቹ ሲመጡ ጥርሱን ገልጦ ይቀበል። ያኔ እንነጋገራለን። ሚያዝያ 27 ከሴት ምንም አይፈልግም። ዶሮ የለው፣ ድፎ የለው፣ ጠላ የለው። ቢሮ ይዘጋል፣ ትምህርት ቤት ይዘጋል፣ ባል አደባባይ ወጥቶ ትንሿን ባንዲራ ያውለበልባል፣ ንግግር ሰምቶ ይመለሳል። ያደረ እንጀራ ቢቀርብለት አይቀየምም። አገሬን እወዳታለሁ፤ በዓመት አንድ ቀን ምድጃ ሳታስነካኝ ስትውል ደግሞ የባሰ እወዳታለሁ። ይህን ስል ነው የሚስቁብኝ።

ቀኑን ያገኘችው ታላቅ እህቴ ውዴ ናት። እሷ ዳንግላ ተዳረች፣ እኔ እንጅባራ። በሚኒባስ አንድ ሰዓት አይሞላም፤ ግን ምን ዋጋ አለው? ገና የእሷ አማት ነው፣ ፋሲካ የእኔ አማት፣ መስቀል የልጆቹ። የምንገናኘው ለቅሶ ቤት ነበር፤ እዚያም ቢሆን እሷ ወጥ ስታወጣ እኔ ሰሃን ሳጥብ እንተላለፋለን። አንድ ጊዜ በአጎታችን ለቅሶ ከድንኳኑ ጀርባ ጎትታ ወሰደችኝና፣ "ሙሉዬ፣ ማንም የማይፈልገን ቀን የቱ ነው?" አለችኝ። ሁለታችንም እጃችን ላይ የሳሙና አረፋ ነበር። በዓላቱን አንድ በአንድ ጠራናቸው፤ ሁሉም ባለቤት አላቸው። ሚያዝያ 27 ላይ ስንደርስ ግን ባለቤት አጣንለት።

ከዚያ በኋላ አስር ዓመት ያህል አዲስ ቅዳም ከተማ እየተገናኘን ዋልን። ለሁለታችንም መሃል ነው። ከመናኸሪያው ማዶ አንዲት ዋንዛ አለች፣ ከሥሯ ይታይሽ የምትባል ሴት ቅቅል ድንች በሚጥሚጣ ትሸጣለች። ሌላ ሴት የቀቀለችውን እንበላለን፣ ጫማችንን አውልቀን እግራችንን ሣሩ ላይ እንዘረጋለን፣ ባሎቻችን በማይሰሙት በአዊኛ እናማቸዋለን። ደክሞኝ ጭኗ ላይ እንቅልፍ የወሰደኝ ዓመትም አለ። እናታችን ከሞተች በኋላ እንደዚያ የተኛሁበት ቀን ትዝ አይለኝም።

ሕጓ አንድ ነበረች፤ ባዶ እጅ። እኛ አገር ሰው ጋ ባዶ እጁን የሚሄድ ማን አለ? ውዴ ግን ጨክና ከለከለች። "አንዴ ዳቦ ከተጀመረ በሚቀጥለው ዓመት ዶሮ ይመጣል፤ እወቂው!" ትላለች። ገና ከሚኒባሱ ስወርድ እንደ ፈታሽ ፊቴ ትቆምና "እጅ!" ትለኛለች። ሁለቱንም ዘርግቼ አሳያለሁ። አንድ ዓመት ለልጇ ብዬ ሁለት ብርቱካን በቦርሳ ይዤ ነበር። አገኘችብኝ። "ወይ ለመንገደኛ ስጪ፣ ወይ በመጣሽበት ተመለሽ" አለችኝ፣ ሳቅ እንኳ ሳትል። ለማላውቀው ሰውዬ ሰጠሁት።

በ2016 ፋሲካ ራሱ ሚያዝያ 27 ላይ ዋለና ቀናችንን ቀማን። ያን ቀን ዶሮ ስበልት እንደ ልጅ አለቀስኩ፤ አየነው ሽንኩርቱ መስሎት ነበር። አምና ደግሞ መንገድ ዝግ ነው ተባለና ቤቴ ቀረሁ። ውዴ አልቀረችም። ግማሹን በጋሪ፣ ግማሹን በእግሯ ሄዳ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ዋንዛዋ ሥር ተቀምጣለች። በሦስተኛው ቀን ኔትወርክ ሲመጣ ደወለችና "ጠበቅኩሽ" አለችኝ። ሌላ ቃል የለም። "ይቅርታ፣ እታለም" ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን ጥፋተኛ ስሆን ነው ቁጣዬ የሚብስ። "በዝግ መንገድ ማን ውጪ አለሽ?" ብዬ ጮኼባት ስልኩን ጆሮዋ ላይ ዘጋሁት።

ከዚያ ወዲህ ወሬያችን አጠረ። ከጥምቀት በኋላ ደግሞ ጭራሽ ስልክ ማንሳት ተወች። ልጇ ቤዛዊት ታነሳና "ገበያ ሄዳለች"፣ "ቤተ ክርስቲያን ናት" ትለኛለች። አንድ ሰው በየቀኑ ገበያና ቤተ ክርስቲያን ይውላል? ኩርፊያ ነው አልኩ። "ታኩርፋ! እኔስ የማን እህት ነኝ?" እያልኩ እኔም አኮረፍኩ። ግን ቀን እየቆጠርኩ ሚያዝያን እጠብቅ ነበር። ከመጣች ታርቀናል፤ ከቀረች እህት የለኝም። እንዲህ ነበር ለራሴ የነገርኩት።

ዘንድሮ በጠዋት መድኃኔዓለምን ተሳልሜ ሚኒባስ ያዝኩ። ሦስት ሰዓት ላይ አዲስ ቅዳም ነበርኩ። ከዳንግላ የመጣ መኪና ሁሉ ሲቆም እነሳለሁ፤ ሰው ወርዶ ሲያልቅ እቀመጣለሁ። አራት ሰዓት ሆነ፣ አምስት ሆነ። ከቀበሌው በኩል በድምፅ ማጉያ ስለ አርበኞች ይነገራል። "እህትሽ ዘንድሮ ቀረችሳ?" አለች ይታይሽ ድንቹን እያገላበጠች። "ምን አገባሽ!" ልላት ፈልጌ ወደ መንገዱ ዞርኩ። አምና ውዴ እዚህች ቦታ ብቻዋን ስትቀመጥ ይቺው ሴት ይህንኑ ጠይቃት ይሆናል። ያኔ ምን ብላ መለሰችላት?

ስድስት ሰዓት አልፎ ቤዛዊት ከአንድ ሚኒባስ ወረደች። ብቻዋን ናት። በነጠላ የተጠቀለለ ድፎ ዳቦ ታቅፋለች። ዳቦውን ሳይ ውዴን አንድ ነገር እንዳገኛት ጠረጠርኩ።

"እናትሽስ?"

"ደህና ናት አክስቴ፣ መጀመሪያ ይቀመጡ..."

"ውዴ የት አለች፣ አንቺ ልጅ!"

አለቀሰች። ከጥምቀት ማግስት ደም ግፊት ጥሏታል። ግራ እጇና ግራ እግሯ አልታዘዝ ብለዋል፣ አፏም ተሳስሯል። ስልክ ያላነሳችው ለዚህ ነው።

"ለምን አልተነገረኝም?"

"እርስዎ እንዳይደነግጡ ብለን ነው። አባቴም መንገዱ ሲሻሻል ይነገራታል አለ።"

ወይ እኔ! ሦስት ወር ሙሉ የታመመ ሰው አኮረፍኩ። ሰው እያየኝ ደረቴን መታሁ። ቤዛዊት ዳቦውን ዘረጋችልኝ። "እማዬ ናት ቃል በቃል እየታገለች የላከችኝ። 'ዘንድሮ ትመጣለች፣ እንደኔ ቆማ እንዳትቀር። ምንም ይዘሽ እንዳትሄጂ' አለችኝ። እኔ ግን አክስቴ ጋ ባዶ እጄን ለመምጣት አፈርኩ።"

ዳቦውን ተቀብዬ ለይታይሽ ሰጠኋት። "ከልጆችሽ ጋር ብይው።" ከዚያ ልጅቷን እጇን ይዤ ወደ ዳንግላ በሚሄደው መኪና ገባን።

ዳንግላ መናኸሪያ ስንወርድ ብርቱካን ሻጮች ከበቡን። ቤዛዊት ቀሚሴን ሳብ አደረገችና፣ "አክስቴ፣ ትንሽ ነገር አንያዝ? ቤቱን ሰው ሞልቶታል" አለችኝ። እኔም ፈራሁ፤ አልዋሽም። የታመመች እህትን፣ ያውም ከሦስት ዓመት በኋላ፣ ባዶ እጅ መጠየቅ! ደግሞስ ውዴ ራሷ ንቄያት የመጣሁ ቢመስላትስ? አምና ጮኼባታለሁ። አንዱን ብርቱካን አንስቼ ጨበጥኩት፣ መልሼ አስቀመጥኩት። ጋሪ ላይ ስንወጣ እጆቼን የት እንደማደርጋቸው ጠፍቶኝ ጭኔ ሥር ደበቅኳቸው።

ቤቱ በጎረቤት ተሞልቷል። ከግድግዳው ጥግ የጠያቂው ብርቱካንና ለስላሳ ተደርድሯል። ስገባ ሁሉም በመጀመሪያ እጄን አዩ፤ አንዷ ለጎኗ ሰው ሹክ ስትል ሰማሁ። ውዴ አልጋው ላይ በትራስ ተደግፋለች። ያቺ ግዙፍ እህቴ ከስታ ከስታ የእናታችንን ፊት አምጥታለች። ትኩር ብላ አየችኝ። ፈገግ አላለችም። አለቀልኝ አልኩ።

አፏ እየታገለ አንድ ቃል አወጣች።

"እጅ።"

ሁለቱንም ዘረጋሁ። መዳፌን አየች፤ ገልበጥ አደረግኩላት፤ ጀርባውንም አየች። ፊቷ በአንድ በኩል ብቻ በራ። በደህናው እጇ የማይታዘዘውን ግራ እጇን አንጓው ላይ ይዛ ቀስ ብላ አነሳችውና መዳፌ ላይ አኖረችው።

"ይችም ባዶ ናት" አለችኝ በአዊኛ።

"ይቅር በይኝ፣ እታለም" አልኳት፤ ዓመት ሙሉ ጉሮሮዬ ላይ የነበረችው ቃል እዚያ ወጣች። ጎረቤቶቹ ቋንቋውን አይሰሙም፤ ለምን እንደምንስቅና ለምን እንደምናለቅስ አልገባቸውም። አንዲት ደግ ሴት ለእንግዳዋ ምሳ ላቅርብ ብላ ስትነሳ ውዴ በዓይኗ ወደ እኔ ጠቆመች።

"ዛሬ እዚህ ቤት ማንም ምድጃ እንዳይነካ" አልኩ። "በዓል ነው።"

ጫማዬን አውልቄ አልጋው ላይ ወጣሁና ራሴን ጭኗ ላይ አደረግኩ። ደህናው እጇ ጸጉሬ ላይ አረፈ። ወደ እንጅባራ የሚሄደው የመጨረሻ ሚኒባስ አስራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። ከመንገዱ ጥሩንባው ሲሰማ ቤዛዊት በሩ ላይ ቆማ አየችኝ። አልተነሳሁም።