እርጥብ ቀለም

«አንተ ዝም ብለህ እጠፍ! ማሰቡን ለተማረ ተወው።»

መሳይ ይህን የተናገረው ዓምና ጥቅምት ሃያ ሰባት፣ የመድኃኔዓለም ዕለት፣ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ፣ ሁለት ደንበኞች ቆመው ሳለ ነበር። ጃለታ አንዷንም ቃል አልረሳም። ቀጭኑ ደንበኛ በአፍንጫው እንደሳቀ ሁሉ ያስታውሳል። ጃለታ ከስድስተኛ ክፍል ያቋረጠ ሰው ነው፤ ቢሆንም ከቁስቋም ቁልቁል ባለችው ማተሚያ ቤት አሥራ ዘጠኝ ዓመት ወረቀት ሲያጥፍ፣ ሲሰፋ፣ ሲከረክም ኖሯል። መሳይ ደግሞ ቤቱን ከአባቱ ከወረሰ ገና ሦስተኛ ዓመቱ ነው።

ዛሬ ሐሙስ ነው፤ ሐምሌ አጋማሽ። ከእንጦጦ የወረደው ጉም በሩ ድረስ ገብቷል። ጠዋት ከማሽን የወጣው ወረቀት ተቆልሏል። ስድስት መቶ የጨዋታ መመሪያ ይወጣዋል። ሊሚ የምትባል የሸጎሌ ልጅ በታክሲ መስመሮች ላይ የሚካሄድ የጠረጴዛ ጨዋታ ፈጥራለች። ሰሌዳውና ካርዶቹ አልቀዋል፤ የቀረው ሕጉን የሚያስረዳው መጽሐፍ ነው። ምርቃቱ ቅዳሜ ነው።

ጃለታ የላይኛውን ወረቀት በአውራ ጣቱ አበስ አደረገው። ጥቁሩ ቀለም ጣቱን ተከትሎ መጣ።

«ይሄ ሁለት ቀን ሳይደርቅ አይታጠፍም» አለ።

«ነገ ይደርሳል ብያታለሁ» አለ መሳይ።

«አንተ ለማን ነው ነገ የማትለው?»

«ምን አልክ?»

«ምንም።»

«እንግዲያው እጠፍ!»

ይበላሽ፣ አለ በሆዱ። የሚዋረደው እሱ ነው። አንዱን አጠፈ። ሁለተኛውን አጠፈ። ደስ ሊለው ይገባ ነበር፤ እጁ ግን አላርፍ አለው። ተነሣ፣ ተቀመጠ፣ እንደገና ተነሣ።

ሊሚ ጃንጥላዋን እያራገፈች ገባች።

«ደረሰ መሳይ?»

«ነገ ጠዋት ጥንቅቅ ብሎ!»

«እንዳታሳፍረኝ በናትህ። መቶ ሰው ጠርቻለሁ። ከተበላሸ ደግሞ በቃ፣ ድጋሚ የማሳተም አቅም የለኝም።» ወደ ጃለታ ዞረች። «ጋሼ፣ እርስዎስ ምን ይላሉ?»

በዚህ ቤት እንዲህ ብሎ የጠየቀው አልነበረም።

መሳይ ሳቀ። «እሱን ተዪው፤ የሚያውቀው እጁን ብቻ ነው።»

ጃለታ አሁን ያጠፈውን መጽሐፍ አንሥቶ በመዳፉ ተጫነው፣ ገለጠውና ሰጣት። የግራው ገጽ ቀለም በቀኙ ላይ ተጋብቷል። ስለ መነሻው ጣቢያ የሚናገረው ሕግ ከቅጣቱ ሕግ ጋር ተደራርቧል።

«ይሄ አይነበብም እኮ!» አለች። «ሁሉም እንዲህ ሊሆን ነው?»

«ዛሬ ከታጠፈ፣ አዎ።»

«ካልታጠፈስ? እውነቱን ይንገሩኝ፤ መቼ ይደርሳል?»

«ሁለት ቀን፣ እስከ ቅዳሜ ማታ፣ ይደርቃል። እሑድ አንሠራም። ሰኞ ይታጠፋል፣ ይሰፋል። ማክሰኞ ጠዋት ከርክሜ እሰጥሻለሁ።»

ሊሚ መጽሐፉን እንደያዘች ዐይኗን ለአፍታ ጨፈነች። ከዚያ ስልኳን አወጣች። «ሃሎ፣ ስለ አዳራሹ ነበር... ወደሚቀጥለው ቅዳሜ ማዛወር ይቻላል?»

መሳይ ወደ ጃለታ ጆሮ ጠጋ አለ።

«ማን ጠየቀህ? እ? የቤቱ ባለቤት አንተ ነህ ወይስ እኔ?»

ጃለታ ያልታጠፉትን ሉኮች በሁለት እጁ አቀፈና ንፋስ ወደሚያገኛቸው ወደ ኋለኛው ክፍል ሄደ።